የሜሪላንዱ ቤት ሽያጭ ቀን አለው፣ የደብረ ብርሃኑ ግዢ ግን ቀን የለውም

ጥያቄው፦ «እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በኖቬምበር 2008 የገዛነው ቤት አለን። ባለቤቴ በጃንዋሪ 2023፣ እኔ ደግሞ ጡረታ ወጥቼ ጁን 30 ቀን 2023 ጠቅልለን ደብረ ብርሃን ገባን። ቤቱን ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አከራይተነዋል። ስንገዛው መንግሥት 7,500 ዶላር የታክስ ድጋፍ ሰጥቶን ነበር። አሁን የምንሰማው ‹ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሸጣችሁ በገንዘቡ ሌላ ቤት ካልገዛችሁ ታክስ ይበላዋል› የሚል ነው። ጠባሴ አካባቢ አንድ ቤት አግኝተናል፤ ደላላው በዚህ ወር ቀብድ ክፈሉ እያለ ነው። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ ባለቤቴ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ግሪን ካርድ አለው። 340,000 የገዛነው ቤት አሁን 690,000 ዶላር ያወጣል ተብለናል። የቱን እናስቀድም?»

የተነገራችሁ ነገር ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ በፈረንጅ ከ1997 ወዲህ የተሻረ ሕግ ነው። ሦስት ዓመት የሚባለው እውነት ነው። ሌላ ቤት መግዛት ግዴታ ነው የሚባለው ግን ዛሬ የለም። ድሮ አንድ ሰው ቤቱን ሸጦ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመጣጣኝ ወይም የሚበልጥ ዋጋ ያለው ቤት ካልገዛ ትርፉ ላይ ይታክስ ነበር። ዕድሜው ከ55 በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ የ125,000 ዶላር ልዩ ነፃነት ነበረ። ሁለቱም በ1997 ቀርተው በምትካቸው ዛሬ የሚሠራው መጣ፦ ቤቱ የራስዎ ሆኖ ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ በድምሩ ሁለት ዓመት ዋና መኖሪያዎ ከነበረ፣ ከትርፉ ለአንድ ሰው እስከ 250,000፣ አብረው ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ከታክስ ነፃ ነው። ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጡት፣ ለልጆች ቢያካፍሉት፣ ደብረ ብርሃን ቢገዙበት አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) አይጠይቅም። ስለዚህ የሚያጣድፋችሁ ሽያጩ ብቻ ነው። የጠባሴው ቤት በጥድፊያ የሚገዛበት አንድም የታክስ ምክንያት የለም። ይህን በመጀመሪያ የምለው ሁለቱ ጉዳዮች በአእምሯችሁ አንድ ላይ ስለታሰሩና ደላላው የሚጠቀመው በዚያ መታሰር ስለሆነ ነው።

ለአሜሪካው ጉዳይ በፈረንጅ አቆጣጠር እሄዳለሁ። የእርስዎ የመጨረሻ ቀን ጁን 30 ቀን 2026 ነው፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2018። ከዚያ ቀን አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር ጁላይ 1 ቀን 2021 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ጁን 30 ቀን 2023 የኖሩበት ልክ 24 ወር ነው። በየቀኑ የሚዘገዩት አንድ ቀን ከ24ቱ ወር ላይ ይቆረጣል፣ ያኔ ደግሞ ነፃነቱ በሙሉ ይወድቃል እንጂ በመጠኑ አይቀነስም። በጤና፣ በሥራ ለውጥ ወይም ባልታሰበ ችግር ምክንያት ለሸጠ ሰው በከፊል የሚሰጥ ነፃነት አለ፣ ጡረታ ወጥቶ አገር መግባት ግን ከዚያ ውስጥ አይገባም። ውጭ አገር በመኖር ቀኑ የሚራዘምላቸው የጦር ኃይል፣ የውጭ ጉዳይ፣ የስለላና የፒስ ኮር ባልደረቦች ናቸው።

የሚቆጠረው ቀን ክሎዚንግ የሚደረግበት፣ ስሙ ለገዢ የሚዞርበት ቀን ነው። በጁን ውል ተፈራርሞ በጁላይ ክሎዝ ማድረግ አይጠቅምም። የገዢ ባንክ ብድሩን አንድ ሁለት ሳምንት ማዘግየቱ የተለመደ ስለሆነ ክሎዚንጉን በሜይ ለማድረግ አቅዱ፣ ጁንን ለመጠባበቂያ ተዉት።

የባለቤትዎ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። 500,000 ለማግኘት ባለቤትነቱ የአንዳችሁ ቢሆንም ይበቃል፣ መኖሩን ግን ሁለታችሁም ማሟላት አለባችሁ። ባለቤትዎ በጃንዋሪ 2023 ከወጡ የእሳቸው ሦስት ዓመት በጃንዋሪ 2026 ሞልቷል። ለዕረፍት ወይም ለአጭር ጊዜ ከቤት መራቅ እንደ መኖር ይቆጠራል፣ ጠቅልሎ መግባት ግን አይቆጠርም፤ «ለጊዜው ሄዶ ነው» ብሎ መከራከር ቢያምርም እቅዳችሁን በዚያ ላይ አትሥሩ። በእናንተ ሁኔታ የቀረው የእርስዎ 250,000 ብቻ ነው። አብራችሁ ብታሳውቁም የሚሰላው የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ተደምሮ ነው፣ የእሳቸው ደግሞ ዜሮ ነው።

እንግዲህ 250,000ው ይበቃ እንደሆነ እንየው። ቤቱ 340,000 ተገዛ። ያኔ ከከፈላችሁት የክሎዚንግ ወጪ የታይትል ኢንሹራንስ፣ የስም ማዞሪያና የምዝገባ ክፍያ በመነሻ ዋጋው ላይ ይደመራል፤ 4,000 እንበለው። ለብድሩ ሲባል የተከፈለው፣ ለምሳሌ የባንኩ ግምት፣ አይደመርም። ከዚያ በኋላ በቤቱ ላይ የጨመራችሁት ይደመራል፦ ጣሪያ 13,000፣ ማድቤት 31,000፣ መስኮቶች 12,000 ቢሆን 56,000 ነው። መነሻው 400,000 ሆነ። ቀለም መቀባት፣ የተበላሸ ቧንቧ መጠገን፣ ሣር ማሳጨድ አይገባም። አዲስ የማሞቂያ ሥርዓት፣ አጥር፣ የተሠራ ምድር ቤት ግን ይገባል።

690,000 ቢሸጥና የኤጀንትና የስም ማዞሪያ ወጪው በድምሩ 6% ቢሆን 41,400 ይወጣል፣ እጃችሁ የሚገባው 648,600 ነው። ከዚህ ላይ 400,000 ሲቀነስ 248,600 ይቀራል። ከ250,000 በ1,400 ዶላር ብቻ ያንሳል። ቤቱ 710,000 ቢሸጥስ? በዚያው ስሌት ትርፉ 267,400 ይሆንና 17,400ው ይታከሳል፤ በ15% ሲታሰብ 2,610 ዶላር ነው። ለዚህ ነው ደረሰኝ ፍለጋው ዛሬ መጀመር ያለበት። ኮንትራክተሩ የሰጣችሁ ውል፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የካውንቲው የግንባታ ፈቃድ፣ በኢሜይል የመጣ የዋጋ ማቅረቢያ ከተከፈለበት ቼክ ጋር ሁሉ ማስረጃ ነው። 2011 ላይ ያስቀየራችሁት ቦይለር የተረሳ ከሆነ ዋጋው ዛሬ ገንዘብ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክፍል። ቤቱን ካከራያችሁበት ቀን ጀምሮ ሕጉ ሕንፃውን በ27.5 ዓመት እንዲያረጅ አድርጎ ያስባል፣ በየዓመቱም ከኪራይ ገቢያችሁ ላይ ዲፕሪሲዬሽን ይቀነስላችኋል። መሬቱ አያረጅም። የሜሪላንድ የንብረት ግምት ማስታወቂያ የመሬቱንና የሕንፃውን ዋጋ ለይቶ ስለሚያሳይ ድርሻውን ከዚያ ውሰዱ። መሬቱ 30% ቢሆን ሕንፃው 280,000 ነው፣ ለ27.5 ሲካፈል በዓመት 10,182 ገደማ። ከሴፕቴምበር 2023 እስከ ሜይ 2026 ባለው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ወር በግማሽ እየታሰበ፣ 32 ወር ይሆናል፦ 27,150 ዶላር ገደማ። ይህ ገንዘብ በ250,000ው ውስጥ ተጠልሎ አያልፍም። በሽያጩ ዓመት እስከ 25% በሚደርስ መጠን ይታከሳል፣ ቢበዛ 6,790 ዶላር አካባቢ። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው በእነዚህ ዓመታት ዲፕሪሲዬሽን ሳይቀንስላችሁ ቀርቶ ከሆነ «አልተጠቀምንበትም፣ አንከፍልም» ማለት አይሠራም። ሕጉ የተጠቀማችሁበትን ብቻ አይደለም፣ ልትጠቀሙበት ይገባ የነበረውንም ይቆጥራል። ያልተቀነሰው ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በፎርም 3115 በአንድ ጊዜ ይስተካከላል፣ እሱም ከሽያጩ ዓመት ሪተርን (የዓመቱ የታክስ ማሳወቂያ) ጋር ሊቀርብ ይችላል። ያለፉትን የኪራይ ሪተርኖች አውጥታችሁ የኪራይ ገቢ በሚሞላበት ስኬጁል ኢ ላይ ዲፕሪሲዬሽን የሚለው መስመር ባዶ መሆን አለመሆኑን ዛሬ ማታ ማየት ትችላላችሁ። ኪራዩ በወረቀት ላይ ኪሳራ አሳይቶ ሳይቀነስ የተሸጋገረ ካለም ቤቱ በሚሸጥበት ዓመት ይለቀቃል፤ ሠሪያችሁን ጠይቁት።

ጁን 30 ካለፈ ደግሞ 248,600ው በሙሉ ይታከሳል። ሁሉም በ15% ቢወድቅ 37,290 ዶላር ነው። ሌላ ገቢያችሁ ትንሽ ከሆነ የተወሰነው ክፍል በ0% መደብ ውስጥ ስለሚወድቅ ወደ 27,000 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። በሌላ በኩል የባልና ሚስት ገቢ በዚያ ዓመት ከ250,000 ሲያልፍ በሚያልፈው የትርፍ ክፍል ላይ የ3.8% ተጨማሪ ታክስ ይመጣል። የሜሪላንድ የራሱ ታክስም አለ። ነፃ የሚሆነው ገንዘብ ግን ለፌዴራል ነፃ ከሆነ ለሜሪላንድም ነፃ ነው፣ ለ3.8%ቱም አይቆጠርም።

ስለ 7,500ው። ይህ በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገዢዎች የተሰጠው ነው። ስሙ ድጋፍ ቢሆንም በተግባር ወለድ የሌለው ብድር ነበር፤ ከ2010 ሪተርን ጀምሮ በየዓመቱ 500 ዶላር ለ15 ዓመት ይመለሳል። ከእሱ ጋር የሚቀላቀለው የ2009ኙ 8,000 ነው። ያንን የወሰደ ሰው 36 ወር ከኖረበት ምንም አይመልስም። የእናንተ የሚመለሰው ስለሆነ ከ2010 እስከ 2022 በ13 ዓመት 6,500 ተከፍሏል፣ 1,000 ይቀራል። ነገር ግን ቤቱ ዋና መኖሪያ መሆኑ ባበቃበት ዓመት የቀረው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ ማከራየትም መኖሪያነቱን ማቋረጥ ነው። ስለዚህ 1,000ው በ2023 ሪተርናችሁ ላይ ከፎርም 5405 ጋር መከፈል ነበረበት። ሠሪያችሁ እንደወትሮው 500 ብቻ ከጻፈ ሪተርኑን በ1040 ኤክስ አስተካክሉ። ከመጨነቅ በፊት ግን የዚህን ድጋፍ ቀሪ ሂሳብ ከአይአርኤስ አረጋግጡ። በሽያጩ ቀን የሚያስደነግጥ ነገር ከዚህ አይመጣም።

የባለቤትዎን ግሪን ካርድ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ በፈቃዳቸው ሊመልሱ ካሰቡ አይ 407 የተባለውን ፎርም ከክሎዚንግ በፊት አያስገቡ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በታክስ ዓይን አሜሪካዊ ነዋሪ ሆኖ የሚቆየው በሥርዓቱ እስኪተው ድረስ ነው። ከተው በኋላ የውጭ ሰው ይሆናሉ፣ ያኔ ገዢው ከእሳቸው ድርሻ 15% ይዞ ለአይአርኤስ እንዲያስገባ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ሪተርን ቀርቦ ነው። ካርዱን ከ15 ዓመት ውስጥ በስምንቱ የያዘ ሰው ሲተው ፎርም 8854 የሚባል ሌላ ማሳወቂያም ይጠበቅበታል።

ሜሪላንድም የራሷ መያዣ አላት። ቤት ሻጩ የግዛቷ ነዋሪ ካልሆነ ክሎዚንግ ላይ ታክስ ቆርጣ ትይዛለች፣ እናንተ ደግሞ ዛሬ ነዋሪ አይደላችሁም። ይህን ለማስቀረት ወይም ለማስቀነስ ኤምደብልዩ 506 ኤኢ የተባለውን ማመልከቻ ከክሎዚንጉ ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚያ ካረፈደ ገንዘቡ ይያዛል፣ የምታገኙትም በሚቀጥለው ዓመት ሪተርን ስታቀርቡ ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው ከላይ ያሰላነው የመነሻ ዋጋና የኖራችሁበት ጊዜ ማስረጃ ስለሆነ ደረሰኞቹ እዚህም ያስፈልጋሉ። ለኖራችሁበት ጊዜ የመብራትና የውሃ ቢል፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የመንጃ ፈቃድ አድራሻ፣ ከተከራዩ ጋር የተፈረመው ውል ቀን ይበቃል።

ተከራዩን በጊዜ አሳውቁት። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሜሪላንድ በትንንሽ የኪራይ ቤቶች ላይ ተከራዩ ቀድሞ የመግዛት ዕድል እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ አላት። ማስታወቂያውና የመጠበቂያ ጊዜው ሳይሟላ ሽያጩን የሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ ክሎዝ አያደርግም። ኤጀንቱን ስትቀጥሩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን።

አሁን ከደብረ ብርሃን ሆናችሁ እንዴት እንደምትፈርሙ። ሁለታችሁም ስማችሁ ዲዱ (የቤቱ የባለቤትነት ሰነድ) ላይ ካለ ሁለታችሁም ውክልና ትሰጣላችሁ። ውክልናውን ራሳችሁ አታርቅቁ፤ ታይትል ካምፓኒውን «የምትቀበሉትን ቅጽ ላኩልኝ» በሉት። ቤቱን በሙሉ አድራሻና በሕጋዊ መግለጫው የሚጠቅስ፣ የመሸጥ፣ ዲድ የመፈረምና ገንዘብ ወደ የትኛው ሂሳብ እንደሚገባ የማዘዝ ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ መሆን አለበት። ከዚያ አዲስ አበባ አሜሪካ ኤምባሲ የኖታሪ ቀጠሮ ያዙ፣ ክፍያው ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ኤምባሲው ፊት እስክትቀርቡ ድረስ አትፈርሙበት፣ የተፈረመ ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ይመለሳል። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ስለምትሄዱ ፓስፖርት፣ ያልተፈረመ ቅጽና የእያንዳንዳችሁን ሁለት ሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱ በመንገድ ቢጠፋ ሁለተኛው አለ። ውክልናው በካውንቲው የመሬት መዝገብ ስለሚመዘገብ ስካኑ አይበቃም፣ ዋናው ወረቀት በፈጣን መልእክት መሄድ አለበት። ይህን ፌብሩዋሪ ላይ ጨርሱት፣ ገዢ ከተገኘ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ገንዘቡ አሜሪካ ባለው የራሳችሁ ሂሳብ ይግባ፣ ሂሳቡንም እስከ ቀጣዩ ዓመት አትዝጉት። ክሎዚንጉ ሊደርስ ሲል «የባንክ መረጃ ተቀይሯል፣ ወደዚህ ላኩ» የሚል ኢሜይል ከመጣ ሌባ ነው። ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ ታይትል ካምፓኒውን በድምፅ አረጋግጡ።

ሽያጩ በዚህ መንገድ ከተያዘ የጠባሴው ቤት ራሱን ችሎ ይታያል። ደላላው «በዚህ ወር» ያለው ለራሱ ነው። ቀብድ በኢትዮጵያ ሕግ ቀልድ አይደለም፦ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት በሌላ መልክ ካልተስማማችሁ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። የአሜሪካው ሽያጭ ቢዘገይባችሁና ቀሪውን በቀኑ ባትከፍሉ የሚጠፋው የእናንተ ነው። ስለዚህ የሜሪላንዱ ገንዘብ ሂሳባችሁ ገብቶ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። ቤቱ ካለፋችሁ ሌላ ይገኛል።

ለመግዛት ስትነሡ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ዋና ቅጂ ተመልክታችሁ ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ፋይል ጋር አመሳክሩት፤ ሻጩ በእጁ የያዘው ብቻ አይበቃም። በዚያው የእዳና እገዳ ማጣሪያ በጽሑፍ ውሰዱ፣ በባንክ ተይዞ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድና ፊርማ፣ ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ይቅረብ። ቤቱ የውርስ ከሆነ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ የተሰጣቸው ሁሉ ይፈርሙ፣ አንዱ ዓረብ አገር ነው ተብሎ አይታለፍ። በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው የማይንቀሳቀስ ንብረት የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ መጥቀስ አለበት። ወካዩ በሞተ ቀን ውክልናው ስለሚያበቃ ያለመሻሩን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ።

ነባር ይዞታ ከሆነ ሌላ ጥያቄ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ባስቀመጠው መርህ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በማንኛውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው ለአዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ይገባል። ይህ በየዓመቱ የሚከፈል ዕዳ ሊያመጣ ስለሚችል ከመዋዋል በፊት ከተማው የሚያስከፍለውን በቁጥር አስነግሩ። የቴምብር ቀረጡ ከዋጋው 2% ነው። በሻጩ ትርፍ ላይ የሚመጣ ግብርና የስም ማዞሪያ ክፍያው በማን ላይ እንደሚወድቅ በውሉ በዝርዝር ይጻፍ። «ሙሉ ወጪ በገዢ» የሚለው ሐረግ ደላላ የሚያስገባው ቀላል መስመር ይመስላል፣ የሻጩን ግብር ግን ወደ እናንተ ያዞራል።

ውሉ በሰፈር ሽማግሌ ፊት ተጽፎ ኪስ ውስጥ የሚገባ መሆን የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል፣ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆታል። ውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ፈርሙ፣ ቀሪውን ክፍያም ከስም ዝውውሩ ጋር አያይዙት።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው በውሉ ላይ የሚጻፈውን ዋጋ ነው። «ግብር እንዲቀንስ ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ትባላላችሁ። የግብር መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ሊጠቀም ስለሚችል ቅናሹ ላይገኝ ይችላል። ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ ግን ፍርድ ቤት የሚያስመልስላችሁ በማስረጃ ያረጋገጣችሁትን ነው፤ 6 ሚሊዮን ከፍላችሁ 2 ሚሊዮን ከተጻፈ 4ቱ ሚሊዮን አደጋ ላይ ነው። እርስዎ የአሜሪካ ዜጋ በመሆንዎ ደግሞ ይህን ቤት አንድ ቀን ቢሸጡት ትርፉ ለአይአርኤስ ይታወቃል። ያኔ መነሻው በተገዛበት ቀን የዶላር ምንዛሪ የተተረጎመው የከፈላችሁት ዋጋ ነው፣ ዋናው ማስረጃውም ውሉ ነው። ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብዙ ስለተንቀሳቀሰ የዕለቱን የባንክ ምንዛሪ ወረቀት ከውሉ ጋር አስቀምጡ። «ዶላሩን አሜሪካ ላለው ወንድሜ ስጡልኝ» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ አትስማሙ። የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ደንብ ይጥሳል፣ ለከፈላችሁት ገንዘብም ማስረጃ አይኖራችሁም። ገንዘቡ በስማችሁ በባንክ ይግባ፣ ለሻጩም በባንክ ይተላለፍ።

ቤቱ በማን ስም ይሁን ለሚለው፣ ባለቤትዎ ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። እርስዎም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለዎት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜጎች በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ያለባቸው ክልከላ አይመለከትዎትም። መታወቂያው ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አስቀድመው ይዩ።

ቤቱን ራሱን ለማየት አትቸኩሉ ስል የሕግ ወረቀት ብቻ አይደለም። የሰሜን ሸዋ ደጋ መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ የብሎኬት ቤትም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በጥር ስታዩት አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ወደ ላይ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ እንዳለው በእጃችሁ ዳስሱት። በሮቹ በክረምት ይነክሱ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። ቢቻል በነሐሴ ተመልሳችሁ እዩት።

የተረፉት የወረቀት ግዴታዎች። ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ ሂሳቦቻችሁ ያለው ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር (የውጭ አገር ባንክ ሂሳብ ማሳወቂያ) ማስገባት ግዴታ ነው። የቤት መግዣው ገንዘብ በባንካችሁ ሲያልፍ ማለፉ አይቀርም። ውጭ የሚኖሩ ባልና ሚስት አብረው ሲያሳውቁ ደግሞ የባንክና መሰል ሀብታቸው በዓመቱ መጨረሻ ከ400,000 ወይም በማንኛውም ቀን ከ600,000 ዶላር ካለፈ ፎርም 8938 ይጨመራል። ቤቱ ራሱ በስማችሁ ከሆነ በዚህ አይቆጠርም። በኢትዮጵያ ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የኖረ ሰው የግብር ነዋሪ ስለሆነ ከውጭ የሚያገኘው ገቢም ይታሰባል። ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌለ ለአይአርኤስ የከፈላችሁበትን ማስረጃ ጠብቁ፣ የኪራዩን ጨምሮ።

ሽያጩ በሜይ 2026 ከሆነ የዲፕሪሲዬሽኑ ታክስ ሪተርኑን አይጠብቅም፣ የግምት ክፍያው ጁን 15 ቀን 2026 ላይ ነው። ሪተርኑ ራሱ ኤፕሪል 15 ቀን 2027 ይቀርባል። ውጭ ለሚኖር ሰው እስከ ጁን 15 በራሱ ይራዘማል፣ ያልተከፈለ ታክስ ካለ ግን ወለዱ ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ይቆጠራል። ታይትል ካምፓኒው 1099 ኤስ የተባለውን ወረቀት ለአይአርኤስ ስለሚልክ ሽያጩ ነፃ ቢሆንም የዲፕሪሲዬሽኑን ክፍል ጨምሮ በሙሉ በፎርም 4797 ላይ መታየት አለበት።